ጥርስ ባዳ ነው፦ ስለ ተዋናዩ አንድሬይ ሚሮኖቭ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ኮሚቴው «ጠዋት ስለ ሪፖርትና ስለ መዋጮ ብዙ ስለምናወራ፣ ከምሳ በፊት ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ሕክምና አንድ ነገር አጫውቺን» ሲለኝ እሺ አልኩ። ምሳውን ለሚጠብቅ ሰው ንግግር ማድረግ ድፍረት እንደሚጠይቅ ስለማውቅ መግቢያ ሳላበዛ ወደ ነገሬ እገባለሁ። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማወራላችሁ ስለ አንድ ሩሲያዊ ተዋናይ ነው። ስሙ አንድሬይ ሚሮኖቭ ይባላል። በሶቪየት ዘመን ሞስኮ፣ ሌኒንግራድ ወይም ኪየቭ የተማራችሁ መምህሮቻችን ስሙን ስጠራ ፈገግ ስትሉ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ለሌሎቻችን ግን እንዲህ ልበል፦ ከ1960ዎቹ እስከ 80ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ፊቱን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ይዘላል፤ ሲገባ ቤቱ ይበራል። ይህ ሰው በ46 ዓመቱ ሞተ። የሞተበት ሕመም የብዙዎቻችን የዕለት ሥራ ስለሆነ ነው የመረጥኩት። ሐኪም ያልሆናችሁም እንዳትሸሹ፤ ራስ ያለው ሁሉ ራስ ምታት አለበት።

ትርዒት ላይ ምጥ የያዛት እናት

ሚሮኖቭ ማርች 7 ቀን 1941 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን ማርች 8፣ የሴቶች ቀን ነው። እናቱ ማሪያ ሚሮኖቫና አባቱ አሌክሳንደር ሜናኬር ጥንድ ሆነው አጫጭር የቀልድ ትርዒቶችን የሚያቀርቡ የታወቁ የመድረክ ሰዎች ነበሩ። እናቱን ምጥ የያዛት ትርዒት ላይ ሳለች እንደሆነ ይነገራል።

ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላው ጦርነት ሆነ። ቲያትር ቤቶች ከሞስኮ ሲሸሹ ወላጆቹ ሕፃኑን ይዘው ወደ ኡዝቤኪስታን፣ ወደ ታሽኬንት ሄዱ። እዚያ ሕፃኑ በተቅማጥ በሽታ ክፉኛ ታመመ። ጊዜው ፔኒሲሊን ገና ተራው ሰው ዘንድ ያልደረሰበት ነው። የነበረው የሰልፋ መድኃኒት ሲሆን እሱም በጦርነት ጊዜ እንደ ወርቅ ተፈልጎ የሚገኝ ነበር። ተፈልጎ ተገኘ፤ ልጁ ተረፈ። ታሽኬንት የሚለውን የከተማ ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ሲወለድ የአባቱን ስም ይዞ ሜናኬር ነበር የሚባለው። አባቱ አይሁዳዊ ናቸው። በስታሊን የመጨረሻ ዓመታት በአይሁዶች ላይ ዘመቻ ሲከፈት፣ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የእናቱን ስም እንዲይዝ ተደረገ። እንግዲህ ሚሮኖቭ የሚለው ዝነኛ ስም በፍርሃት ዘመን የተለበሰ ስም ነው። ልጁ ገና በጠዋቱ አንድ ነገር ተማረ ማለት ነው፦ ውስጥህ ያለው ሌላ፣ ለሰው የምታሳየው ሌላ።

ሽቹኪን ከተባለው የታወቀ የቲያትር ትምህርት ቤት በ1962 ተመረቀና በዚያው ዓመት የሞስኮ ሳቲር ቲያትርን ተቀላቀለ። እስኪሞት ድረስ ለ25 ዓመት ከዚያ ቤት አልወጣም። እኛ አንድ መሥሪያ ቤት አምስት ዓመት ስንቆይ የሽልማት ሰርተፍኬት እንጠብቃለን!

ቀላል የሚመስል ሥራ

በፊልም ሕዝቡ መጀመሪያ የለመደው እንደ ቆንጆና ቀልደኛ ወጣት ነው። በ1963 በወጣው «ሦስት ሲደመር ሁለት» የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ተጫውቷል፤ ስለዚህ ለእኛ ሙያ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1966 ኤልዳር ራያዛኖቭ በሠራው «ከመኪናው ተጠንቀቁ» ውስጥ ደግሞ በማጭበርበር የከበረ፣ ሁልጊዜ ልብሱን ያሳመረ ነጋዴ ሆነ። አማቱን ሆኖ የተጫወተው አናቶሊ ፓፓኖቭ ይባላል። ይህንንም ስም ያዙልኝ።

ከዚያ የሊዮኒድ ጋይዳይ «የአልማዝ እጅ» መጣ። ኮንትሮባንድ አስተላላፊዎች በጄሶ በታሰረ ክንድ ውስጥ አልማዝ ደብቀው ድንበር የሚያሻግሩበት ኮሜዲ ነው። ሚሮኖቭ ጌሻ የተባለ ዘናጭ ግን ጅላጅል ወንጀለኛ ሆኖ መርከብ ላይ ይዘፍናል፣ ይውረገረጋል። ፊልሙን ከ76 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሲኒማ ቤት አየው። ዛሬም ሩሲያ ውስጥ በበዓል ሰሞን በቴሌቪዥን ይታያል።

የሚገርመው፣ ሚሮኖቭ ለሙዚቃ ጆሮ እንደሌለው የሚያውቁት ሰዎች ይናገሩ ነበር። ወጣት ሳለም ደንደን ያለና እንቅስቃሴው ከባድ ነበር። ስለዚህ ሰውነቱ እንደ ላባ ቀሎ፣ ዜማው ሳይጎድል ስታዩት የምታዩት የተሰጠውን ሳይሆን የሠራውን ነው። እየደጋገመ ተለማምዶ ያመጣው ነው። በ1974 ጣሊያኖችና ሶቪየቶች በጋራ በሠሩት «ጣሊያኖች በሩሲያ ያጋጠማቸው የማይታመን ነገር» በተባለው ፊልም ከሆቴል ፎቅ መስኮት ውጪ ተንጠልጥሎ የታየው ራሱ ነው፤ በምትክ ሰው አላሠራም።

ይህን ቅለት ለማስረዳት ከእኛ ቤት ምሳሌ ልስጥ። የተጨማደደ፣ ውኃ ያለቀበት የሕፃን እጅ ላይ በአንድ ሙከራ ደም ሥር የምታገኝ ነርስ ታውቃላችሁ አይደል? ዳር ቆሞ የሚያይ ወላጅ «ይኸው ቀላል ነው እኮ፤ ቅድም ያ ዶክተር ምን ሆኖ ነው ያሠቃየው?» ይላል። ቀላል የመሰለው ሃያ ዓመት ስለሠራችው ነው። ሚሮኖቭም እንደዚያ ነበር። ድካሙን ከሥራው ላይ ጠርጎ አጥፍቶ ነው ለሕዝብ የሚያቀርበው።

የዚህ ሁሉ ቁንጮ ፊጋሮ ነው። በ1969 ዋና አዘጋጁ ቫለንቲን ፕሉቼክ የፈረንሳዊውን የቦማርሼን «የፊጋሮ ሰርግ» አዘጋጀና የፊጋሮን ሚና ለ28 ዓመቱ ሚሮኖቭ ሰጠው። ፊጋሮ አገልጋይ ነው። ጌታው የእሱን እጮኛ ይመኛል። አገልጋዩ ጌታውን በጉልበት ማሸነፍ አይችልም፤ በብልሃትና በሳቅ ያሸንፈዋል። በመጨረሻው አምስተኛ ክፍል ብቻውን ቆሞ ሕይወቱን የሚተርክበት ረጅም ንግግር አለ። ከሳቁ ሥር የነበረው ምሬት የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ሚሮኖቭ ይህን ሰው ለ18 ዓመት ተጫወተው። ከዚያ በተጨማሪ በ1972 የጎጎልን «ኢንስፔክተር ጄኔራል» ከፓፓኖቭ ጋር ሠራ፤ እሱ ወጣቱ አታላይ ኽሌስታኮቭ፣ ፓፓኖቭ የሚታለለው የከተማ ሹም ነበሩ። በ1977 ደግሞ በቴሌቪዥን «አሥራ ሁለቱ ወንበሮች» ውስጥ ሁለቱ እንደገና ተጣመሩ። በዕድሜ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ቢኖራቸውም ሕዝቡ አንዱን ያለ ሌላው ማሰብ አቆመ።

ታሽኬንት፣ ኦክቶበር 1978

ቲያትር ቤቱ በ1978 ኦክቶበር ለትርዒት ታሽኬንት ሄደ፤ ያቺው ሕፃን ሳለ የታመመባትና የዳነባት ከተማ ናት። ሚሮኖቭ እዚያ ድንገት በጽኑ ታሞ ሆስፒታል ገባ። ለሕመሙ የተሰጠው ስም ማጅራት ገትር ነበር። ታከመ፣ ተሻለው፤ በዲሴምበር መድረክ ላይ ተመለሰ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ግን ያን ቀን የሚመዘግቡት የመጀመሪያው የአንጎል ደም መፍሰስ ብለው ነው።

እዚህ ላይ ሐኪም ላልሆናችሁ ትንሽ ላብራራ። ለአንጎላችን ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ከአንጎል ሥር ተገናኝተው ክብ ይሠራሉ። ቧንቧው በሚከፈልበት መገንጠያ ላይ ግድግዳው ሲሳሳ፣ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በሳሳ ቦታው ተነፍቶ እንደሚወጣ ሁሉ ትንሽ ከረጢት ይሠራል። አኒዩሪዝም የምንለው እሱን ነው። ከመቶ አዋቂ ሰዎች ሦስት ያህሉ ይህን ተሸክመው ይኖራሉ። አብዛኞቹ ሳያውቁት አርጅተው በሌላ ምክንያት ይሞታሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን ከረጢቱ ይፈነዳል። ያኔ ደሙ አንጎልን በከበበው ውኃ ውስጥ ይሰራጫል፤ ሰውየውም በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ራስ ምታት በአንዲት ቅጽበት ይወድቅበታል።

ይህ ደም የአንጎልን ሽፋን ይቆጠቁጣል። የተቆጠቆጠ ሽፋን ደግሞ ማጅራትን ያደርቃል። ያስመልሳል፣ ብርሃን ያስጠላል፣ አንዳንዴም ትኩሳት ያመጣል። አሁን ቋንቋችንን ተመልከቱ። «ማጅራት ገትር» የሚለው ስም የሚነግረን ምልክቱን ነው፤ ምን እንደገተረው አይነግረንም። ጀርም ማጅራት ይገትራል። ደምም ይገትራል። ስሙን ከጠራን በኋላ ምክንያቱን ያገኘን ይመስለንና መጠየቅ እናቆማለን።

በእነዚያ ሐኪሞች ላይ ለመፍረድ አልቆምኩም። ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ የተሠራው በኦክቶበር 1971 ለንደን ውስጥ ነው። ለዚህ ሥራ ሃውንስፊልድና ኮርማክ ኖቤል የተሸለሙት በ1979፣ ማለትም ሚሮኖቭ ከታመመ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በ1978 ታሽኬንት አልጋ ላይ የተኛ ሰው የአንጎሉን ምስል ያገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። እኔ የምፈልገው ከዚያ በኋላ የሆነውን እንድታዩልኝ ነው። ሰውየው ዳነ ተባለ፣ ሳቀ፣ ዘፈነ። ጥያቄውም እዚያው ተዘጋ።

የሚያስቀውን ሰው ማን ያምነዋል?

ያገራችን ሰው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃል ለማለት ነው። ከዚያ ሕመም በኋላ የነበሩት ዘጠኝ ዓመታት የሚሮኖቭ ትልቁ የሥራ ዘመን ናቸው። በ1980 የሩሲያ ሪፐብሊክ የሕዝብ አርቲስት ተባለ። በዚያው ሰሞን ግን ሰውነቱ በተደጋጋሚ በሚወጣ እባጭ ይሠቃይ ነበር፤ ለዚህም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ራስ ምታትም ነበረበት። በ1982 ማርች 6፣ በልደቱ ዋዜማ፣ አባቱ ሞቱ። ሕዝቡ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚያየው ግን ያንኑ የሚዘልና የሚያስቅ ሰው ነው።

እሱ ራሱ በዚህ አልረካም ነበር። የቀልደኛነት ስሙ በር እንደሚዘጋበት ያውቃል። በሩን የከፈተለት ዳይሬክተሩ አሌክሴይ ጌርማን ነው። ጌርማን አባቱ ዩሪ ጌርማን ከጻፏቸው ታሪኮች ተነስቶ «ወዳጄ ኢቫን ላፕሺን» የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ ካኒን የተባለውን ጋዜጠኛ ሚና ለሚሮኖቭ ሰጠው። ታሪኩ በ1930ዎቹ በአንዲት ቀዝቃዛ የጠረፍ ከተማ ይካሄዳል። የካኒን ሚስት በቅርቡ ሞታለች። ካኒን ግን ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ከሰው ቤት ሰው ቤት ይዞራል። ከዚያ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሽጉጥ አፉ ውስጥ ይከታል፤ አይሆንለትም። ትዕይንቱ ውስጥ ሙዚቃ የለም፣ ያማረ እንባ የለም። እንደ እውነተኛው ነገር የሚያሳፍርና የተዝረከረከ ነው።

ይህን ፊልም ለሬዚደንቶች እንደ ማስተማሪያ ማሳየት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ድባቴን በተመለከተ የምናስተምረው አንገቱን ስለ ደፋ፣ ስለማይበላ፣ ስለማይናገር ሰው ነው። ተመላላሽ ክፍል ገብቶ ካርድ ክፍሏን፣ ነርሷንና ሐኪሙን አስቆ የሚወጣውንስ? ካኒንን ያየ ሐኪም እንደዚህ ያለውን ሰው በሩ ላይ ሳለ መልሶ ይጠራዋል። የፊልሙ ኃይል የመጣው ደግሞ ከዚያው ፊት ነው። ሚሊዮኖች ሲስቅ የለመዱት ፊት ባይሆን ኖሮ፣ ያ መታጠቢያ ቤት እንዲህ ባላስደነገጠን።

በመድረክም እንዲሁ ወደ ከባዱ ሄደ። በ1984 በቼኾቭ «የቼሪ አትክልት ቦታ» ሎፓኺንን ተጫወተ። ሎፓኺን አባቱና አያቱ ገባር ሆነው የኖሩበትን ርስት በጨረታ የሚገዛ ሰው ነው። ያሸንፋል፤ ማሸነፉ ግን አያስደስተውም። ሚሮኖቭ በተጨማሪም ማዘጋጀት ጀመረ። በ1987 የሳልቲኮቭ ሽቼድሪንን «ጥላዎች» አዘጋጀ፤ የሹመኞችን ኅሊና የሚፈትሽ፣ ሳቅ የማይበዛበት ተውኔት ነው። በዚያው ዓመት የአላ ሱሪኮቫ «ከካፑሲን ጎዳና የመጣው ሰው» ወጣ። ሚሮኖቭ እዚያ ጠጪና ተደባዳቢ ካውቦዮች ወደሚኖሩባት ከተማ ሲኒማ ይዞ የሚመጣ የዋህ ሰው ነው። ሰዎቹ ፊልም አይተው መጠጥ ይተዋሉ። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ብናገኝ የጉበት ክሊኒኮቻችን ግማሹ ይዘጋ ነበር።

ሪጋ፣ ኦገስት 1987

በ1987 ክረምት ሳቲር ቲያትር በባልቲክ አገሮች ትርዒት ላይ ነበር። ኦገስት 5 ቀን አናቶሊ ፓፓኖቭ ሞስኮ ቤቱ ውስጥ ገላውን ሲታጠብ ልቡ ቆሞ ሞተ። ዕድሜው 64 ነበር። ትርዒቱ ቀጠለ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ኦገስት 14፣ ሪጋ ላይ «የፊጋሮ ሰርግ» ነበር። በጋ ነው፤ የፊጋሮ ልብስ ከባድ ነው፤ ሚሮኖቭ ደግሞ ውፍረት እንዳይታይበት ምግቡን የሚቆጥር፣ ስፖርት የማይተው ሰው ነው። እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ተጫወተ። ትርዒቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ንግግሩን ሳይጨርስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የጌታውን ሚና ይጫወት የነበረው ጓደኛው አሌክሳንደር ሺርቪንት ደግፎ ከመድረክ አወጣው። መጋረጃው ወረደ።

ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆየ። አልጋው ዘንድ ከደረሱት መካከል ኤድዋርድ ካንዴል ይገኝበታል፤ በሶቪየት ኅብረት የአኒዩሪዝም ቀዶ ሕክምናን ካስፋፉት ቀዳሚ ሐኪሞች አንዱ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የአገሪቱ ትልቁ ባለሙያ አጠገቡ አለ፤ የፈሰሰው ደም ብዛት ግን ለቢላዋ ቦታ አልተወም። ኦገስት 16 ሲነጋጋ ሞተ። ሞስኮ፣ ቫጋንኮቮ መቃብር ተቀበረ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «ከመድረክ ተወለደ፣ መድረክ ላይ ሞተ» ብሎ ይዘጋዋል። ያምራል። እኔን ግን ይከነክነኛል። መጀመሪያ ነገር፣ መድረክ ላይ አልሞተም። ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በእኛ ሙያ ሰዎች እጅ ነው የሞተው፤ እነዚያን ሁለት ቀኖች ከታሪኩ የሚያወጣቸው ውበት ፍለጋ ነው። ሁለተኛ፣ አሟሟቱን ስናሳምረው ሊቀር ይችል እንደነበረ እንረሳለን። ዋልተር ዳንዲ የአኒዩሪዝምን አንገት በብረት መቆንጠጫ የዘጋው በ1937 ነው። ሚሮኖቭ ገና አልተወለደም። መድኃኒቱ ከሰውየው በዕድሜ ይበልጣል። የጎደለው በዘጠኙ ዓመታት ውስጥ «ያ የታሽኬንቱ ነገር በእርግጥ ምን ነበር?» ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ሰው ነው።

እናቱ ከእሱ በኋላ አሥር ዓመት ኖሩ። በስተርጅናቸውም መድረክ ላይ ወጡ። በ1997 ሲያርፉ ቤታቸው ሙዚየም እንዲሆን ተናዘው ነበር፤ ዛሬ ሞስኮ ውስጥ የቤተሰቡ መታሰቢያ ነው። ሌላም አለ። ልክ በዓመቱ፣ በ1988፣ ሌላው ታላቅ የሶቪየት አሳቂ ዬቭጌኒ ሊዮኖቭ ከሌንኮም ቲያትር ጋር ሐምቡርግ ሄዶ ሳለ ልቡ ቆመ። ሐኪሞች መለሱት፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ እንደገና መድረክ ላይ ወጥቶ እስከ 1994 ድረስ ኖረ። የሊዮኖቭን ታሪክ «መድረክ ላይ ሞተ» ብሎ የሚያሳምረው የለም። እኔ ግን ከሁለቱ የሊዮኖቭን እመርጣለሁ።

ለእኛ የሚተርፈን

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ኢትዮጵያ ያለችው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው ክልል ውስጥ ነው። በበጋ ወራት ራሱን አሞት፣ ማጅራቱ ደርቆ፣ እያስመለሰው የመጣን ሰው ስናይ መጀመሪያ ጀርምን ማሰባችን ትክክል ነው። አንቲባዮቲኩንም ቶሎ መጀመር አለብን፤ ያዘገየ ሰው ይገድላል። የምለምነው ሁለተኛውን ጥያቄ አብረን እንድንጠይቅ ነው።

ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም። «ራስ ምታቱ ስንት ሰዓት ላይ ጀመረ? ምን እየሠራህ ሳለህ?» የማጅራት ገትር ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እየባሰብኝ መጣ» ይላል። ደም የፈሰሰበት ግን ደቂቃውን ሊነግራችሁ ይችላል፦ «በሬዎቹን ስጠምድ»፣ «ባልዲውን ሳነሳ»፣ «ስሰግድ»። ደቂቃውን የሚያውቅ ሕመምተኛ ሲገጥማችሁ ብዕራችሁን አስቀምጡ።

ሲቲ ስካን ባለበት ከተማ ያላችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ከተነሳና በሚገባ ከተነበበ ደሙን እምብዛም አይስተውም። በወረዳ ሆስፒታል ያላችሁ፣ የሚከለክል ምልክት እስከሌለ ድረስ የወገብ ውኃ ትቀዳላችሁ። ደም ያለበት ሆኖ ሲመጣ «መርፌው ነው የነካው» ብላችሁ አትለፉት። በሦስት ቱቦ ተቀበሉ፤ ከቱቦ ቱቦ እየጠራ ካልሄደ ጠርጥሩ። ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ አዙሩትና ከላይ የቀረውን ውኃ ነጭ ወረቀት ፊት ያዙት። ራስ ምታቱ ከጀመረ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለፈው ሰው ውኃው ቢጫ ከሆነ ደሙ የቆየ ነው፤ ከመርፌያችሁ አይደለም። ወረቀትና ዓይን ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሪፈሩን ስትጽፉም «ማጅራት ገትር» ብላችሁ አትዝጉት፤ «ደምም ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ለሚቀጥለው ሐኪም በሩን ክፍት ተዉለት። የቅርብ ዘመዱ በዚህ መንገድ ድንገት የሞተበት ሰው ከሆነ ደግሞ በጉልህ ጻፉት፤ በቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

የመጨረሻው ነገሬ ስለ ራሳችን ነው። በሙያችን ታሞ ዲዩቲ የገባ ሰው ይመሰገናል። «እሷ እኮ ትኩሳት ይዟት አድራለች» ሲባል በአድናቆት ነው። ሥራውን ቀላል አስመስሎ የሚሠራው ባልደረባችን ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጫንበታል፤ ሁልጊዜ እየሳቀ እሺ ስለሚል። በየክፍላችን አንድ ሚሮኖቭ አለ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጠዋት በስብሰባ የሚያስቀን እሱ ነው። ሰሞኑን «ራሴን ትንሽ ያመኛል» ብሎ ከሆነ፣ የቀልዱን መጨረሻ አትጠብቁ። ወንበር ስቡና «መቼ ጀመረህ?» በሉት።

መምህሮቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ራስ ምታት ስታስተምሩ ይህን ሰው ጨምሩልን። ተማሪ የመቶኛ ቁጥር ይረሳል፤ ታሪክ ግን አይረሳም። ፈቃዳችሁ ከሆነም «የአልማዝ እጅ»ን አንድ ምሽት በግቢው አዳራሽ አብረን እናየዋለን። ሩሲያ የተማራችሁት ትተረጉሙልናላችሁ፤ እኛም እንስቃለን።